በረዶ አልጣለኝም

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኛል ወይ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰው ለመምከር ዕድሜዬ አይፈቅድም። በተኛሁበት ሆስፒታልም ከእኔ የባሰ ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ሳይጻፍ የእኔ መጻፉ ያሳፍረኛል። ከዚህም በላይ ታሪኩ ውስጥ እኔን ጥሩ ሰው የማያስመስል ክፍል አለ። እርሱን ዘልዬ ዋንጫውን ብቻ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያ ክፍል ከተዘለለ ጽሑፉ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ቢረዝምባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስሜ ሶስና ነው። የዊልቸር ከርሊንግ ተጫዋች ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ቡድናችን አገር አቀፉን ውድድር አሸንፏል። ከርሊንግ ምን እንደሆነ የማታውቁ አትጨነቁ። እኔም ከአራት ዓመት በፊት አላውቅም ነበር፤ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ጀርባዬን መጀመሪያ ያመመኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። እኔና እማዬ ከአዲስ አበባ ወደ ሚኒሶታ ከመጣን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። የምንኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ ሜፕልዉድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት፣ ማለትም የነርስ ረዳት ናት። ሕመሙ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ ጀርባዬ መካከል፣ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ተጭኖ የሚይዘኝ ዓይነት ነበር።

“ስልክ ነው” አለች እማዬ። “አንገትሽን ደፍተሽ ስትውዪ ምን ይሆናል ብለሽ ነበር?”

የመጀመሪያው ክሊኒክ ጡንቻ ነው አለኝ፤ ማስታገሻ ሰጠኝ። ሁለተኛው የመጽሐፍ ቦርሳዬን በእጁ መዘነና “ወንጀለኛውን አገኘነው” ብሎ ሳቀ። ሦስተኛው ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ፤ እዚያም በላስቲክ ገመድ መሳብና መለጠጥ አስተማሩኝ። ሁሉም ደጎች ነበሩ። በእነዚያ ወራት መጠበቂያ ክፍሎችን በደንብ አወቅኋቸው። በአንደኛው ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓሣ ነበረው። በአራተኛው አፖይንትመንቴ አሥር ሆኖ አገኘሁትና የሞተው የትኛው ነው ብዬ ስፈልግ ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም።

ከዚያ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። እማዬ የሕንፃውን ማሞቂያ ወቀሰች፤ በታኅሣሥ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ መስኮት ከፍተን ተኛን። ክብደቴ ቀነሰ። የነቢያት ጾም ስለነበር ጾሙ ነው አልን። ገና መጣ፤ ጾሙ ተፈታ፤ ዶሮውም ተበላ። ክብደቴ ግን አልተመለሰም። እማዬ ቀሚሴን ከጎኔ ይዛ በመርፌ አጠበበችው።

ጥር ላይ ትልቅ ክሊኒክ ሄድን። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ እማዬ ግን ሐኪሙ የሚለውን በራሷ ጆሮ መስማት ስለፈለገች አስተርጓሚ ጠየቀች። በሩ ሲከፈት የገባችው እትዬ ጽጌ ናት። እትዬ ጽጌ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፤ ከእማዬም ጋር አንድ የእመቤታችን ማኅበር ይጠጣሉ። ሁለቱ ተሳስመው፣ የጤናና የሥራ ነገር ተጠያይቀው እስኪጨርሱ ሐኪሙ እጁን አጣምሮ በትዕግሥት ቆመ።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ነበር።

“በቤተሰባችሁ ውስጥ፣ ወይም አብሯችሁ ከኖረ ሰው፣ ቲቢ የያዘው ነበረ ወይ ይላል” አለች እትዬ ጽጌ።

እውነቱን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ እያለን ከአጎቴ ጋር በአንድ ክፍል ነበር የምንኖረው። አጎቴ አንድ ዓመት ሙሉ አሳለ፤ ከዚያ ለብዙ ወራት ኪኒን ወስዶ ዳነ። ዛሬም ደህና ነው፤ ከሁላችንም ይወፍራል። ግን በእኛ ቤት የበሽታው ስም ተጠርቶ አያውቅም። “ብርድ መቶት ነው” ነበር የሚባለው። ስሙን የተማርኩት ከመድኃኒቱ ካርድ ላይ አንብቤ ነው።

እማዬ እትዬ ጽጌን አየች። ሐኪሙን ሳይሆን እትዬ ጽጌን።

“እኛ ቤት? በፍጹም!” አለች። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዲህ ያለ ነገር በዘራችንም የለ።”

እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአንጀት ሥዕል አየሁ። ለቪዛ የተነሣሁት የሳምባ ራጅ ንጹሕ ስለነበር ሐኪሙ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ጠንከር ያለ ማስታገሻ ታዘዘልኝና ወጣን። ቲቢ ከሳምባ ውጭ አጥንት ውስጥም ተደብቆ እንደሚቀመጥ፣ ሳምባ ንጹሕ ሆኖ አከርካሪ ሊበላ እንደሚችል ያኔ አላውቅም። ሐኪሙ ያውቅ ነበር፤ የጠየቀውም ለዚህ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከግሪን ላይን ባቡር ስወርድ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በረዶው ላይ በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። አንድ ሽማግሌ “አይዞሽ፣ ሚኒሶታ ሁሉንም ሰው አንድ ጊዜ ታስቀምጣለች” ብለው አነሡኝ፤ አብረን ሳቅን። ይህችን ውድቀት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ብዙ ተወርቶባታል። እግሬ ከድቶኝ ወደቅሁ እንጂ፣ ወድቄ እግሬ አልከዳኝም።

በሦስተኛው ቀን ከመታጠቢያ ቤት መነሣት አቃተኝ። አምቡላንስ መጣ። በድንገተኛ ክፍል ስንጠብቅ ዋልን፤ ከዚያ በማግኔት የሚሠራው ትልቅ ማሽን ውስጥ ከተቱኝ። ወጣት ሐኪም መጥቶ በአከርካሪዬ ውስጥ ኅብለ ሠረሰሬን፣ ማለትም ወደ እግሬ የሚወርደውን ዋናውን የነርቭ ገመድ፣ የሚጫን ነገር እንዳለ ነገረን። ምናልባት ካንሰር ሊሆን ይችላል አለ። እንደዚያ ባለ ቀን እማዬ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን የአልጋዬን አንሶላ እንደ ሥራ ቦታዋ ጥግ ጥጉን አጥብቃ አጠፈችና “እነዚህ ልጆች አንሶላ ማንጠፍ አልተማሩም” አለች።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገልኝ በኋላ ስነቃ እማዬ በሚዘረጋ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር። ወንበሩን ያመጣላት ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው ነው፤ ከጅማ የመጣ፣ አማርኛን በኦሮምኛ ቅላጼ የሚናገር ሰው። “እናቴ፣ ያኛው ወገብ ይሰብራል፤ ይሄን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ደብቄው ነበር” አላት። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውጤቱን ሊነግሩን ሲመጡ ከሐኪሞቹ ኋላ እንደገና እትዬ ጽጌ ገባች። ዋናዋ ሐኪም ብዙ ተናገረች። እትዬ ጽጌ አዳመጠች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ካንሰር አይደለም” አለች። “መግል ነው ያወጡት። የአከርካሪ ቲቢ ነው። ይድናል ትላለች።”

እማዬ የእትዬ ጽጌን እጅ ያዘች። “ጽጌ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ።”

“አስናቀች፣ እኔ እዚህ ስገባ አስተርጓሚ ነኝ” አለቻት እትዬ ጽጌ። “ከዚያ በር ስወጣ የማውቀው ነገር የለም። ባወራስ ሥራዬን የሚያሳጣኝ አይመስልሽም?”

እማዬ አላመነቻትም። ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ “ከባቡር ስትወርድ በረዶ አዳልጧት ጀርባዋን ተሰብራ ነው” ማለት ጀመረች። ታሪኩ በየሳምንቱ ያድግ ነበር። መጀመሪያ አንድ ደረጃ ነበር የወደቅሁት፤ ለፋሲካ አምስት ደረስኩ። ጣቢያው ደረጃ እንኳ የለውም። አስቂኙ ነገር፣ እማዬ ይህን ስታወራ እትዬ ጽጌ አጠገቧ ተቀምጣ ራሷን እየነቀነቀች “አዬ በረዶ!” ትል ነበር።

እቤት ስመለስ ከካውንቲው የጤና ቢሮ አንዲት ነርስ በየቀኑ እየመጣች ኪኒኔን ስውጥ ታይ ነበር። እንዲህ የሚደረገው በሽተኛ መሐል ላይ እንዳያቋርጥ ነው፤ ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። መድኃኒቱም በነፃ ነበር። ከኪኒኖቹ አንዱ ሽንቴን ብርቱካናማ ስላደረገው መጀመሪያ ቀን ጮህኩ፤ ነርሷ ቀድሜ መንገር ረሳሁ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ጎረቤቶች “ይህች ፈረንጅ በየቀኑ ማን ጋ ነው የምትመጣው?” ሲሉ እማዬ “የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ናት” አለች። በሳምንቱ የፎቃችን ሴት ሊፍት ውስጥ ነርሷን ይዛ ለልጇ በወር ስንት እንደምታስጠና ጠየቀቻት። ነርሷ ገብታ ይህን ስትነግረን ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እማዬ ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያኔ ነው።

እግሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በክራንች ጥቂት እርምጃ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዊልቸር ነው። አንድ ቀን ሐኪሟን ብቻዬን ሳለሁ፣ ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብዬ ጠየቅኋት። “ምናልባት በእግርሽ ትሄጂ ነበር” አለች። ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም።

አሁን ከርሊንግ። ከሕክምናው በኋላ በምሄድበት የመልሶ ማቋቋሚያ ጂም ውስጥ ዴብ የምትባል ሴት ነበረች። ዴብ ከሰሜን ሚኒሶታ የመጣች፣ ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ትልቅ የጭነት መኪና ትነዳ የነበረች ሴት ናት፤ እግሯን ያጣችው መኪናው ተገልብጦ ነው። ክንዴን ለማጠንከር ክብደት ሳነሣ አይታ መጣች።

“አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ትገፊያለሽ?”

“ምን ዓይነት ድንጋይ?”

“ሃያ ኪሎ የሚጠጋ። በረዶ ላይ።”

“እኔ በረዶ አልወድም።”

“ማን ይወዳል? እኛ ግን የምንጫወተው ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ከጨዋታው በኋላ ትኩስ ቸኮላት አለ።”

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አራት ሰው ያላቸው ሁለት ቡድኖች፣ እጀታ ያለው ክብ ድንጋይ በረጅም የበረዶ ሜዳ ላይ እያንሸራተቱ ማዶ ወደ ተሣለው ክብ ይልካሉ። ክቡ ቤት ይባላል፤ ከተቃራኒው ይልቅ ለቤቱ መካከል የቀረበ ነጥብ ያገኛል። በእግራቸው የሚጫወቱት ድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ እየፈተጉ መንገዱን ያስረዝሙታል፤ በዊልቸር መጥረጊያ የለም። ወንበርሽን ታቆሚያለሽ፤ ጓደኛሽ ከኋላ ሆና እንዳይንሸራተት ጎማሽን ትይዛለች፤ ድንጋዩን በረጅም በትር ትገፊዋለሽ። አንዴ ከለቀቅሽው በኋላ ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም፤ ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው።

እማዬ ስትሰማ ቡና ቤት እሠራለሁ ያልኳት ይመስል ደነገጠች።

“በረዶ ሰበራት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬ፣ አንቺ ተመልሰሽ በረዶ ላይ ልትወጪ? ሰው ምን ይለኛል?”

“ደፋር ናት ይላል።”

“እናቷ እብድ ናት ነው የሚለው!”

ቢሆንም ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ድንጋዬ ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሰም። በሁለተኛው ሳምንት አልፎ ሄዶ የጀርባውን ግድግዳ መታ። ዴብ ከኋላዬ ሆና “እንኳን ደስ አለሽ፣ ከድመት ወደ አውቶቡስ አደግሽ” አለችኝ። ቀስ በቀስ እጄ ልኩን አወቀ። ክንዴ ሲደክም ጀርባዬ እንደሚያመኝ፣ ጀርባዬ ሲያመኝ ደግሞ እንደ ድሮው እንደማልፈራ አስተዋልኩ።

አንድ ምሽት በክለብ ጨዋታ ላይ ድንጋዬን ከለቀቅሁት በኋላ የበትሬ ጫፍ እንደገና ነካው። በጣም ትንሽ ነው፤ እንደ ዝንብ። ሕጉ እንዲህ ከሆነ ድንጋዩ ከሜዳ ይወጣል ይላል። ድንጋዩ ግን አምሮ ሄዶ ቤቱ መካከል ቆመ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ዝም አልኩ። አሸነፍን። በከርሊንግ ከጨዋታ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያሸነፈው የተሸነፈውን ይጋብዛል። የተሸነፈው ቡድን አዛውንት ቸኮላቱን አንሥቶ “ዛሬ ያየሁት ምርጥ ድንጋይ የአንቺ ነው” አለኝ። ላለመናገር በችኮላ ስጠጣ ምላሴን አቃጠልኩ።

ዴብ በቫኗ ስትመልሰኝ ነገርኳት። ፍሬኑም ነዳጁም በእጅ የሚሠራውን መኪናዋን ጥግ አስይዛ አቆመች።

“ለምንድን ነው ለእኔ የምትነግሪኝ?” አለች። “እኔ አልተሸነፍኩም።”

በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየውን ፈልጌ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀና “አመሰግናለሁ። እኛ ጋ ዳኛ የሌለው ለዚህ ነው” አለኝ። ያቺ ምሽት ከክሊኒኩ የአንጀት ሥዕል ጋር አብራ ትመጣብኝ ጀመር።

በዓመቱ ለአገር አቀፉ ውድድር ፍጻሜ ደረስን። ከስምንቱ ዙር በስድስተኛው፣ ሁለት ነጥብ ሊያስገኝ በሚችል ድንጋይ ላይ በትሬ እንደገና ነካብኝ። በዚህ ውድድር ዳኛ ነበረ፤ ግን አላየም። እጄን አነሣሁ። ድንጋዬን አወጡት፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ከኋላ ወንበሬን ይዛ የነበረችው ዴብ “በጣም ተናድጄብሻለሁ፣ በጣምም ኮርቼብሻለሁ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ነገ እነግርሻለሁ” አለች። እስከ አሁን አልነገረችኝም።

ተከታዩን ክረምት ሙሉ በሳምንት አራት ቀን ተለማመድን። ድንጋዩን ከለቀቅሁ በኋላ በትሬን ወደ ኋላ መሳብን ብቻ ሺህ ጊዜ ሳልደግመው አልቀረሁም። ያን ዓመት አሸነፍን። የመጨረሻውን ድንጋይ የላከችው ዴብ ናት፤ እኔ ወንበሯን ነበር የያዝኩት። ድንጋዩ ቤቱ መካከል ሲቆም ዴብ የጭነት መኪና ጡሩምባ የሚመስል ድምፅ አወጣች።

ዋንጫውን ይዘን የተነሣነው ፎቶ በስልክ ሲዞር ቤተ ክርስቲያናችን ደረሰ። በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሊያመሰግኑኝ አሰቡ። እማዬ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለበሰች። ሦስት ዓመት ከኖረችበት ፍርሃት በኋላ ያቺን ቀን ደስ ብሏት ማየቴን ከዋንጫው አስበልጬ ነበር።

ፕሮግራሙ ሳይጀመር ኤልሳ የምትባል ሴት አጠገቤ መጣች። ኤልሳ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ከአገር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ መቀመጥ ስላቃታት በአንድ ጎኗ ተደግፋ ነበር።

“ሶሲዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጀርባሽን ሲጀምርሽ እንዴት ነበር?”

“ምነው?”

“እኔንም አምስት ወር ሆነኝ። እንዳንቺ በረዶ ይሆናል ብዬ የወደቅሁበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት። እናትሽ መጀመሪያ ምንም አይሰማም፣ ቆይቶ ነው የሚመጣው ስላለችኝ፣ ለሐኪሙም በረዶ አዳልጦኝ ነው አልኩት። ጡንቻ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ።”

“ማታ ያልብሻል?”

“በምን አወቅሽ?” አለች ኤልሳ።

እማዬን በዓይኔ ፈለግኋት፤ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በሁለት እጇ ሰላም ትላለች። ወደ እርሷ ልሄድ ጎማዬን ስይዝ ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ ማይክራፎኑን አንሥተው ነበር።

“ወገኖቼ! በረዶ የጣላት ልጃችን በረዶን ጣለች!”

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አበባ ጭኔ ላይ ተቀመጠ፤ ማይክራፎኑ እጄ ውስጥ ገባ። ስለ ዋንጫው ያዘጋጀሁት አንድ ገጽ ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ባነብ ኤልሳ ቤቷ ትሄዳለች፤ የወደቀችበትንም ቀን መፈለጓን ትቀጥላለች።

“በረዶ አልጣለኝም” አልኩ። ድምፄ በማይክራፎኑ በጣም ጎላብኝ። “ቲቢ ነው። የአከርካሪ ቲቢ። አብሮን ከኖረ ሰው ነው የያዘኝ። ሐኪሙ ጠይቆን ነበር፤ የለም አልን። እኔ እንግሊዝኛ እየቻልኩ፣ እያወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እግሬ ቆመ። ማታ የሚያልበው፣ የሚከሳ፣ ጀርባው የሚያመው ሰው ካለ እባካችሁ እንደ እኛ አትደብቁ። መድኃኒት አለው፤ ይድናል።”

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ሰው ከሰው ሲርቅ። እማዬን ለማየት አልደፈርኩም። ስትነሣ ግን የቀሚሷን ድምፅ ሰማሁ። ወደ በሩ የምትሄድ መሰለኝ።

የሄደችው ወደ ኤልሳ ነው።

“ተነሺ” አለቻት። “ዙሪ። ጀርባሽን ልየው።” በሰው ሁሉ ፊት፣ መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌዎቿን እንደምታገላብጠው፣ በነጠላው ላይ አከርካሪዋን አንድ በአንድ ዳበሰች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፤ ኤልሳም “እህ” አለች። እማዬ ቀና ብላ “ጽጌ! ነገ ሥራ አለሽ?” ብላ ጮኸች።

“ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ” አለች እትዬ ጽጌ።

“እንግዲያው ሦስታችን አብረን ነው የምንሄደው። እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።” ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። “የወንበር መጎተት የሰማሁት ከየት ነው? ይህ የአጥንቱ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ እኔ ሦስት ዓመት አብሬ በልቻለሁ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ ልጄን ተዉአት።”

ቀድመው የተነሡት ጋሽ ሀብቶም ናቸው፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ። ከዘራቸውን አነሡ። “እኔ ተማሪ ሳለሁ ይዞኝ ነበር” አሉ። “አሥራ ስምንት ወር መርፌ ተወግቻለሁ። ለባለቤቴም የነገርኳት ከሦስተኛ ልጃችን በኋላ ነው።” ባለቤታቸው ከጎናቸው “ከአራተኛው በኋላ ነው!” አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ አንዲት ሴት ወንድሜን አለች፤ አንድ ሹፌር እኔን ራሴን አለ። ጋሽ በቀለ ማይክራፎኑን ተቀብለው “እንግዲህ... አበባው የሚገባት ነው” አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ የምትነዳው እማዬ ነበረች።

“ልቤን አቆምሽው” አለች።

“ይቅርታ እማዬ። ቀድሜ ልነግርሽ ነበር።”

“እግርሽን እኔ ነኝ የወሰድኩት።” መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊት ለፊት ታያለች። “ቀኑን ሙሉ የሰው ዊልቸር ስገፋ የማስበው እርሱን ብቻ ነው።”

“እኔም አፍ ነበረኝ” አልኳት።

ዳር ይዛ አቆመችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ እማዬ አፍንጫዋን ጠርጋ “ያ ሀብቶም ግን አራት ልጅ እስኪወልድ!” አለች፤ እስክንደርስ ስንስቅ ሄድን።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን እዚህ ላይ ልመልስ። እትዬ ጽጌ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ለባለቤቷም። አስተርጓሚ የሰማውን እንዳያወጣ ሕግ ያስገድደዋል። የምታውቁት ሰው ስለሆነ የምታፍሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ፣ ወይም በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም። እኛ ይህን መጠየቅ እንደሚቻል አናውቅም ነበር። የፈራነው ማኅበሩን ነበር፤ ማኅበሩ ግን አሁን በየወሩ ከጸሎት በኋላ ለእማዬ አሥር ደቂቃ ይሰጣታል። ሰዎች ጀርባቸውን ያሳዩአታል፤ አብዛኛው ጡንቻ ነው።

የኤልሳ ጡንቻ አልነበረም። በማግሥቱ ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃት፣ ኤልሳ አጠገቧ የቆሙትን ሁለት ሴቶች አየችና “አዎ፣ አገር ቤት አብራኝ ትኖር የነበረች የአክስቴ ልጅ” አለች። በሽታው ሁለት አጥንት መብላት ጀምሮ ነበር፤ ኅብለ ሠረሰሯ ጋ ግን አልደረሰም። ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋት ኪኒን ጀመረች፤ ለጥቂት ወራት ጀርባዋን የሚደግፍ ጠንካራ ቀበቶ ታጠቀች። ሽንቷ ብርቱካናማ ሲሆን እንዳትደነግጥ እኔ ቀድሜ ነገርኳት። እኔ በሕመሙ ምክንያት ሦስት ዓመት ዘግይቼ መስከረም ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ቡድናችን ልምምድ ቀጠለ፤ ኤልሳም በኅዳር ቀበቶውን ፈትታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመጨረሻ ኪኒኗን የዋጠች ቀን ከክፍል አስፈቅጄ ቤቷ ሄድኩ። እማዬ ሺፍት ቀይራ መጣች፤ እትዬ ጽጌ የምሳ እረፍቷ ነበር፤ ዴብ ደግሞ ሳትጠራ መጥታ ምን የሚበላ አለ አለች። ኤልሳ ውኃ ጠጣች፤ ለነርሷ አፏን ከፈተች፤ ነርሷ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

“በቃ?” አለች ኤልሳ።

“በቃ” አለች ነርሷ። እትዬ ጽጌ ከልምድ የተነሣ “በቃ ትላለች” ብላ ልትተረጉም ስትል ሁላችንም ሳቅን።

ስንወጣ ኤልሳ ተዉ ብንላትም ተነሥታ፣ ረጅሙን ኮሪደር በእግሯ ሄዳ፣ እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘችን። ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር።